የኅትመት መለያ ቁጥሮችና የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ዋቢዎቻቸውን ሲዘረዝሩ አብዛኛውን ጊዜ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ ዓመተ ምሕረቱንና ማተሚያ ቤቱን ይጠቅሳሉ። በጀርባ ሽፋኑ ወይም ከርእስ ገጹ ጀርባ የሚገኘውን ረጅም ቁጥር ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ቁጥሩ የመጽሐፍ ነጋዴዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በርግጥም በመጀመሪያ የታሰበው ለነጋዴዎች ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ከሰፈሩት መግለጫዎች ሁሉ ከፊደልና ከዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነፃ የሆነው እርሱ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጻሕፍት፣ የመጽሔቶችና የኤሌክትሮኒክ ኅትመቶች መለያ ቁጥሮች አሠራር ይብራራል። ከዚያም ጋር፣ ቁጥሩ የሚለየው ድርሰቱን ሳይሆን እትሙን መሆኑ ለእኛ ጥናት ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ይሞከራል። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ በስም ይጀምራል

የ“ፍቅር እስከ መቃብር”ን ደራሲ ስም እንውሰድ። “ሐዲስ” የሚለውን ቃል ስንጽፍ የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ የመጨረሻው በስ ወይም በሥ። “ዓለማየሁ” በሚለው ደግሞ መነሻው አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ መድረሻውም ሁ፣ ሑ ወይም ኁ ሊሆን ይችላል። ስድስትን በሁለት፣ ከዚያም በአራትና በሦስት ብናባዛ አንድ ስም በ144 ዓይነት ይጻፋል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹን ማንም እንደማይጽፋቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን አምስቱን ወይም ስድስቱን በየጽሑፉ እናገኛቸዋለን። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒዩተር ግን የድምፅ ሞክሼነትን እንዲያውቅ ካልተደረገ በስተቀር ሐ እና ሀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይወስዳል።

ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገር ነገሩ ይብሳል። የፊደል ገበታችን በኮምፒዩተር ዓለም አቀፍ የፊደላት መደብ (ዩኒኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ርእሶችን በኮምፒዩተር ካታሎጋቸው የመዘገቡት በላቲን ፊደል ነበር። አንዱ የሚጠብቀውን ድምፅ በድርብ ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው በነጠላ። አንዱ ግእዙን በነጥብ ያመለክታል፣ ሌላው ጭራሹን ይተወዋል። በዚህ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ወደ ፊት ይመጣና ደራሲው በአባቱ ስም ሥር ይመዘገባል። ዓመቱም ቢሆን የዋዛ አይደለም። “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. መታተሙን የርእስ ገጹን አይቶ የመዘገበ ሰው “ዓ.ም.” የሚለውን ከዘነጋ መጽሐፉን ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

እንግዲህ በርእስ፣ በስምና በዓመት የማይጨበጥ ነገር በምን ይጨበጣል ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ ለከፊሉ መልስ የሚሆነው ቁጥር ነው። 978 ተብሎ የሚጀምር ቁጥር አዲስ አበባም ሆነ ሐምቡርግ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ኢየሩሳሌም ያው ነው። ሞክሼ ፊደል የለውም፤ ጳጉሜንም አያውቅም።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥር

ሐሳቡ የተወለደው በብሪታንያ ነው። ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለው ትልቅ የመጽሐፍና የጋዜጣ ነጋዴ ድርጅት በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጋዘኑን ሥራ በኮምፒዩተር ለማካሄድ ሲነሣ፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ግድ ሆነ። ዘጠኝ አኃዝ ያለውን ሥርዓት የነደፉት በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ጎርደን ፎስተር ናቸው። በ1967 በብሪታንያ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1970 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አንድ አኃዝ ጨምሮ ዐሥር በማድረግ ዓለም አቀፍ መደበኛ የመጽሐፍ ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. ብሎ አጸደቀው። ከጥር 1 ቀን 2007 ጀምሮ ከፊቱ 978 ተጨምሮበት ዐሥራ ሦስት አኃዝ ሆኗል። 978 ለመጽሐፍ ንግድ ከተመደቡት የባርኮድ መነሻዎች የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ በኋላ 979ም ሥራ ላይ ውሏል።

ቁጥሩ አምስት ክፍሎች አሉት። ከ978 ቀጥሎ የሚመጣው የአገር፣ የአካባቢ ወይም የቋንቋ ክልል መለያ ነው፤ ከዚያ የአሳታሚው፣ ቀጥሎ የመጽሐፉ፣ በመጨረሻ አንድ የማረጋገጫ አኃዝ ይመጣል። በመካከል ያሉት ሦስቱ ክፍሎች ርዝመታቸው የተወሰነ አይደለም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ክልል 0 እና 1፣ ፈረንሳይኛው 2፣ ጀርመንኛው 3 ሲይዙ፣ እስራኤል 965፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 99944 ተሰጥቷቸዋል። ልዩነቱን አንዳንዶች የክብር ጉዳይ አድርገው ይወስዱታል። ነገሩ ግን የሒሳብ ነው፤ ምደባው የተመሠረተው በሚጠበቀው የኅትመት ብዛት ላይ ነበርና። ለአንድ አኃዝ ክልል ከማረጋገጫው በፊት ስምንት አኃዝ ስለሚተርፍ አንድ መቶ ሚሊዮን መጻሕፍትን መቁጠር ይቻላል። ለ99944 የሚተርፉት አራት አኃዞች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዚህ መለያ ሥር ሊቆጠሩ የሚችሉት መጻሕፍት ቢበዛ ዐሥር ሺህ ናቸው፤ ካለቀ ሌላ መለያ ያስፈልጋል። ሁለት አኃዝ የተሰጠው አሳታሚ መቶ መጻሕፍት፣ ሦስት አኃዝ የተሰጠው ዐሥር መጻሕፍት ብቻ ይቆጥራል። በእኛ አገር ደራሲው ራሱ አሳታሚ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ በመሆኑ ይህ ስሌት ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ቁጥሩን የሚሰጠው ወመዘክር በሚለው የቀድሞ ስሙ ይበልጥ የምናውቀው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። 99944 የአሳታሚውን አገር እንጂ የመጽሐፉን ቋንቋ አይናገርም። አዲስ አበባ የታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 99944ን ሲይዝ፣ በእስራኤል ያለ አሳታሚ ያወጣው የአማርኛ መጽሐፍ 965ን፣ በአሜሪካ በግል የታተመ የአማርኛ ልብ ወለድ ደግሞ 979-8ን ሊይዝ ይችላል። ስለሆነም “በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍትን” በ99944 ፈልጎ ቆጥሮ መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ጥናት የስደቱን ሥነ ጽሑፍ በሙሉ ይጥለዋል፤ በምትኩም የማይመለከተውን ይቆጥራል።

ስለ ማረጋገጫው አኃዝ ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ቁጥር በየዋቢው እየተገለበጠ ሲሄድ የሚገታው እርሱ ነው። ለማስረጃ ያህል ብቻ 978-99944-12-34 የሚል ቁጥር ይኑረን። አኃዞቹን ከግራ ጀምሮ በተራ አንዱን በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያባዛን እንደምራቸው። በ1 የሚባዙት 9፣ 8፣ 9፣ 4፣ 1፣ 3 ድምራቸው 34 ነው። በ3 የሚባዙት 7፣ 9፣ 9፣ 4፣ 2፣ 4 ድምራቸው 35፣ ብዜቱ 105 ይሆናል። ጠቅላላው 139 ነው። ወደ ቀጣዩ ሙሉ ዐሥር ማለትም ወደ 140 ለመድረስ 1 ስለሚጎድለው ማረጋገጫው 1 ነው።

በቀድሞው ባለ ዐሥር አኃዝ ሥርዓት ግን ስሌቱ ሌላ ነበር። አኃዞቹ ከ10 እስከ 2 ባሉ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይባዙና ድምሩ ከማረጋገጫው ጋር ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ይደረጋል። ያው ቁጥር 325 ስለሚሰጥና 330 ለ11 ስለሚካፈል ማረጋገጫው 5 ይሆናል። በመሆኑም በአሮጌው ቁጥር ፊት 978 ለጥፎ የመጨረሻውን አኃዝ እንዳለ መተው በአብዛኛው የሐሰት ቁጥር ይፈጥራል። ይህ በዋቢ ዝርዝሮች ደጋግሞ የሚታይ ግድፈት ነው። አዲሱ ስሌት ከባርኮድ ጋር ለመጣጣም ሲባል የተወሰደ እንጂ ከአሮጌው የተሻለ ሆኖ አይደለም። አሮጌው የሁለት ጎረቤት አኃዞችን መቀያየር ሁልጊዜ ያጋልጣል፤ አዲሱ ግን ልዩነታቸው 5 የሆኑትን አያይም። 16 ተብሎ የሚጻፈው 61 ተብሎ ቢጻፍ፣ የአንዱ ድምር 19 የሌላው 9፣ ወይም እንደ ቦታቸው የአንዱ 9 የሌላው 19 ስለሚሆን፣ ዐሥር ሲጎድል ወይም ሲጨምር ማረጋገጫው ዝም ይላል።

ድርሰትና እትም

ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። አንድ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ለአንድ አሳታሚ፣ ለአንድ እትም፣ ለአንድ ቅርጽ ነው። ወፍራም ሽፋን ያለውና ስስ ሽፋን ያለው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ተሻሽሎ ሲታተም፣ አሳታሚው ሲለወጥ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም፣ በኤሌክትሮኒክ መልክ ሲወጣ፣ በድምፅ ተነቦ ለገበያ ሲቀርብ አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል። ሳይለወጥ በድጋሚ ሲታተም፣ ዋጋው ሲጨምር ወይም ጥቂት የፊደል ግድፈት ሲታረም ግን የድሮው ይቀጥላል።

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ድርሰቱን እንደ ድርሰት፣ እትሙን እንደ እትም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1908 ሮም ላይ ሲታተም ርእሱ “ልብ ወለድ ታሪክ” ነበር፤ ኋላ በስፋት የታወቀው ግን “ጦቢያ” ተብሎ ነው። ድርሰቱ አንድ፣ ርእሱ ሁለት፣ እትሙ ብዙ ነው። የመለያ ቁጥር ይህን አንድነት አይነግረንም፤ የሮሙ እትም ቁጥር ከመፈጠሩ 60 ዓመት በፊት የወጣ ነውና ምንም ቁጥር የለውም፤ ዘግይተው የወጡ እትሞች ቢቆጠሩም እርስ በርስ የሚያዛምዳቸው ነገር ቁጥሩ ውስጥ የለም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ድርሰቱን ራሱን የሚቆጥር መለያ በ2009 በዓለም አቀፍ ደረጃ ጸድቆ ነበር። አሳታሚዎች ስላልተቀበሉት ቀርቷል። ለእኔ የሚገባኝ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነጋዴ የሚሸጠው እትም እንጂ ድርሰት አይደለም። ድርሰቶችን የማዛመዱ ሥራ ስለዚህ በእኛ በአጥኚዎቹ ጫንቃ ላይ እንዳለ ነው።

በአንጻሩ ቁጥሩ እትምን ለመለየት ያለው ጥቅም በቀላሉ አይገመትም። ስለ “ፍቅር እስከ መቃብር” የሚጽፉ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ንግግር አንዱ በአንድ ገጽ፣ ሌላው ርቆ በሚገኝ ሌላ ገጽ ላይ እንዳገኘው ሲጠቅሱ፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የያዙት እትም ሌላ ነውና። የትኛውን እንደያዙ ካልነገሩን ግን ጥቅሱን የምናመሳክርበት መንገድ የለም። ይህ የገጽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ ፊደል ለቀማ ጊዜ ቃል ይወድቃል፣ ፊደል ይለወጣል፣ አንዳንዴም አንቀጽ ይታጠፋል። ስለ ደራሲው የቃላት ምርጫ ወይም ሥርዓተ ነጥብ የሚናገር ተመራማሪ፣ የሚናገረው ስለ ደራሲው ይሁን ስለ ፊደል ለቃሚው ማወቅ አለበት። በእኔ ግምት በስታይል ጥናቶቻችን ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች ከባዱ ይኸው ነው፤ እስካሁንም ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ውዥንብር አለ። በስካነር ተነሥተው በቴሌግራም የሚሰራጩ የአማርኛ መጻሕፍት የርእስ ገጻቸው ጀርባ አብሮ ስለሚነሣ የወረቀቱን ቁጥር ይዘው ይዞራሉ። ያ ቁጥር ለቅጂው የተሰጠ አይደለም። ገጾች የጎደሉበት፣ ከሁለት እትሞች የተገጣጠመ ሊሆንም ይችላል። የደራሲው መብት ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ ከጥናት አንጻር ግን ከስካን ቅጂ የጠቀሰ ሰው ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ወረቀቱን እንዳየ ማስመሰል አይገባውም። እንዲሁም በአማዞን ለሚሸጡ የኪንድል መጻሕፍት የሚሰጠው ዐሥር ፊደልና አኃዝ የሱቁ የራሱ መለያ እንጂ ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ ቁጥር አይደለም።

መጽሔቶች

የወቅታዊ ኅትመቶች መለያ፣ አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን.፣ ስምንት አኃዝ አለው። ደረጃው የወጣው በ1975 ሲሆን የዓለም አቀፉ ማእከል መቀመጫ ፓሪስ ነው። ከመጽሐፉ ቁጥር በተለየ አገርም አሳታሚም አይናገርም፤ ባዶ ቁጥር ነው። የሚለየው ተከታታዩን ኅትመት በሙሉ እንጂ አንዱን ቅጽ ወይም አንዱን ጽሑፍ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1963 ጀምሮ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት 0304-2243 ነው። አንባቢ ራሱ ሊፈትነው ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሰባት አኃዞች ከ8 እስከ 2 ባሉት ቁጥሮች በተራ ቢያባዛ ድምሩ 63 ይሆናል፤ ለ11 ወደሚካፈለው 66 ለመድረስ 3 ይጎድላል፤ መጨረሻውም 3 ነው። የሚጎድለው 10 ሲሆን በአንድ አኃዝ ስለማይጻፍ የሮማውያን የዐሥር ምልክት የሆነው ኤክስ ይገባል። አንዳንድ ተማሪዎች ኤክሱን “ያልታወቀ” ማለት መስሏቸው ይተዉታል።

ቁጥሩ የተጋባው ከርእሱ ጋር ነው። መጽሔቱ ስሙን በጉልህ ከለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል። የወረቀቱና የኤሌክትሮኒኩ ቅርጽም የየራሳቸውን ይይዛሉ፤ ለምሳሌ ሐምቡርግ የሚዘጋጀው “ኤቲዮፒካ” በወረቀት 1430-1938፣ በኤሌክትሮኒክ 2194-4024 ነው። ስለዚህ በአንድ ዋቢ ላይ ሁለት ቁጥር ቢታይ ስሕተት ነው ብሎ መሰረዝ አይገባም። በሌላ በኩል ቁጥር መያዝ የጥራት ምስክር ወረቀት አይደለም። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶች “ዓለም አቀፍ ቁጥር ያለው” እያሉ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ለእድገት የሚጽፉ ወጣት መምህራን ይታለላሉ። ቁጥሩ የሚለው “ይህ መጽሔት ይህ ነው” ብቻ ነው፤ ጥሩ ነው አይልም።

ነጠላውን መጣጥፍ የሚለየው ዲ.ኦ.አይ. የተባለው የዲጂታል መለያ ነው። የሚያስተዳድረው ድርጅት በ1998 ተቋቋመ፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው በ2012 ነው። ሁልጊዜ በ10 ነጥብ ይጀምራል፤ ከዚያ የአስመዝጋቢው ቁጥር፣ ከእዝባር ቀጥሎ የጽሑፉ መለያ ይመጣል። የአፍሪካ መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያቀርበው የአፍሪካ ጆርናልስ ኦንላይን 10.4314ን ይጠቀማል፤ ከአገራችን መጽሔቶች በርካቶቹ በእርሱ በኩል ይገኛሉ። ጥቅሙ አድራሻ በተለወጠ ቁጥር መለያው አለመለወጡ ነው። አሳታሚው አዲሱን አድራሻ እስካስመዘገበ ድረስ መለያው ወደዚያ ይመራል። ካላስመዘገበ ግን ይህም እንደማንኛውም አድራሻ ይሞታል፤ “ዘላቂ” የሚባለው በቁጥሩ ባሕርይ ሳይሆን በጠባቂው ትጋት ነው። ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪው ራሱ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያም ከላይ ያየነውን የስም ችግር ለሕያዋን ጸሐፊዎች ያቃልላል። በዚህ ትምህርት ክፍል ያሉ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ከማሳተማቸው በፊት ቢያወጡት፣ የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቢገለበጥም ሥራቸው አይበተንም።

ቁጥር የሌላቸው መጻሕፍት

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዋና ዋና ሥራዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ እትማቸው ከቁጥሩ መፈጠር በፊት የወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተሙትም ሁሉም ቁጥር አልያዙም። ስለዚህ “ቁጥሩን ጥቀሱ” የሚል መመሪያ ብቻውን አይበቃንም። ቁጥር ላለው መጽሐፍ እትሙንና ቁጥሩን፣ ሰረዞቹን እንዳሉ ጠብቆና ማረጋገጫውን ፈትኖ መጻፍ ይበቃል። ቁጥር ለሌለው ግን የርእስ ገጹን ቃል በፊደሉ ሳይቀየር መገልበጥ፣ ማተሚያ ቤቱንና ከተማውን፣ ዓመቱን ከነ“ዓ.ም.”ነቱ፣ ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ከተገለጸ እርሱን፣ የገጹን ብዛትና የመጽሐፉን ቁመት በሴንቲሜትር መመዝገብ ያስፈልጋል። ከጥቅሱም ጎን ከገጹ በተጨማሪ ምዕራፉን መጥቀስ፣ ሌላ እትም ለያዘ አንባቢ መንገድ ይከፍታል። ሽፋኑና የርእስ ገጹ ለተቀደደ ቅጂ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ እንደዚህ ያሉት ብዙ ናቸውና፣ ቅጂው የሚገኝበትን ቤተ መጻሕፍትና የመደርደሪያ ቁጥሩን ማስፈር ግድ ይሆናል።